«ለመረዳት ያህል ነው»

ሦስት ዓመት የብሎካችን ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ስብሰባው ላይ ዘግይቼ ደረስኩ። ቀድመው የመጡት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ። በሩ ላይ ቆሜ ወንበር ስፈልግ አንዱ «እሱ ይሁን!» አለ፤ ጭብጨባ ሆነ። አለቀ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሹመት እንዲህ ነው።

በእነዚያ ዓመታት ስለ ገንዘብ የተማርኩት ጥቂት ነው። ስለ ጥያቄ ግን ብዙ ተማርኩ። 40 ቤት ባለበት ብሎክ የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው በአንድ ሳምንት የሚጠየቀውን አንድ ሚኒስትር በዓመት አይጠየቅም። ደረጃ ላይ ይጠየቃል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ይጠየቃል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ እየቆረጠመ ይጠየቃል። ከሁሉም በላይ ግን ቴሌግራም ላይ ይጠየቃል፤ ያውም በሌሊት።

ከእነዚያ ጥያቄዎች የትኛው ከልብ፣ የትኛው ለነገር እንደሆነ መለየት የምችል ይመስለኝ ነበር። ሰው አውቃለሁ ብዬ። ሁለት ጊዜ ተሸወድኩ። አንዱን ጎረቤት ጨዋ መስሎኝ ስድስት ወር ሙሉ ተንከባከብኩት። አንዲት እናት ደግሞ ነገረኛ መስለውኝ አስቀየምኳቸው።

መጀመሪያ ስለ ጨዋው።

የውሃ ፓምፓችን ተቃጠለ። ከየቤቱ 1,500 ብር አዋጣንና 60,000 ብር ሞላ። ፓምፑ 41,500 ወሰደ። ገመዱ፣ መቆጣጠሪያውና የእጅ ዋጋው 9,200። የቀረችው 9,300 ባንክ ገባች። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ የብሎኩ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ኩራት ቢጤም ተሰማኝ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጎረቤታችን ጻፈ። «ሰላም ለሁላችሁ። ኮሚቴዎቻችን፣ ለድካማችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይቅርታ፣ ለመረዳት ያህል ነው፤ ፓምፑ የተገዛው በስንት ፕሮፎርማ ነው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ደስ አለኝ እንጂ አልከፋኝም። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበን ነበር፤ ሦስቱንም ለጠፍኩ። «አመሰግናለሁ ወንድሜ። ለመረዳት ያህል፣ ከሦስቱ ዝቅተኛው ለምን ተተወ?» ዋስትና ስላልነበረው ነው። «ገባኝ። የተገዛው ዋስትናው በጽሑፍ ነው?» አዎ፣ ይኸው። «ጥሩ። የገጠመው ባለሙያ ፈቃድ አለው?» አለው፣ ይኸው። «መልካም። የፈረስ ጉልበቱ ለብሎካችን እንደሚበቃ ያረጋገጠው ማን ነው?»

ዳገቱን ወጣሁ ስል ሌላ ዳገት። እያንዳንዱ መልእክት በ«ይቅርታ» ይጀምርና በ«እግዚአብሔር ይስጥልን» ያልቃል። ያን ያህል ጨዋ የሆነ ሰው ፊት መሰላቸቴን ማሳየት ነውር መሰለኝ። ቤት ውስጥ «አቶ ለመረዳት» የሚል ስም አወጣንለት። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ባለቤቴ «አቶ ለመረዳት ናቸው?» ትላለች።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ እሑድ ጠዋት እንዲህ የሚል መጣ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ይቅርታ፣ ፓምፑ በስንት ፕሮፎርማ እንደተገዛ ጠይቄ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም።»

ስልኩን ይዤ ፍዝዝ አልኩ። ምናልባት አላየው ይሆናል ብዬ የድሮውን መልስ ፈልጌ መልሼ ላክሁለት። «አመሰግናለሁ» አለ። ወር ሳይሞላ ያንኑ ደገመው። ከዚያም አሰለሰው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባል የለ? እኔ ለካ ስድስት ወር ሙሉ አውቆ የተኛ ሰው እየቀሰቀስኩ ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከፓምፑ በፊት ኮሙናሏን፣ ማለትም ለበዓል በግ የምናርድባትንና ድግስ ሲኖር ወጥ የሚሠራባትን የጋራ ቤታችንን፣ ዕቃ ማከማቻ አድርጎ ሊከራያት ጠይቆ ነበር። ኮሚቴው እምቢ አለው። ይህን የሰማሁት በጣም ዘግይቼ ነው። የፓምፑ ጥያቄ ከፓምፑ ጋር ዝምድና አልነበረውም።

አሁን ስለ እማማ። እማማ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቴሌግራም የላቸውም። ስልካቸው ባለ ቁልፍ ናት፤ የሚደውሉባትም ለሁለት ሰው ነው፤ ለልጃቸውና ለንስሐ አባታቸው። አንድ ማታ ከሥራ ስገባ ደረጃው መሐል ቆመው ጠበቁኝ።

«አንተ! ሺህ አምስት መቶዬን የት አደረስካት? በላችኋት አይደል!»

ድምፃቸው እስከ ግቢው በር ይሰማል። ሁለት ሦስት በር ገርበብ አለ። ፊቴ ጋለ። «እማማ፣ ሁሉም ነገር ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል» አልኩና አለፍኳቸው። ከኋላዬ «ቴሌግራምህን ጠጣው!» ሲሉ ሰማሁ።

ቤት ገብቼ አማረርኩ። ሰው ምስጋና ቢስ ነው፣ ነገር ፍለጋ ነው፣ ነገ መዝገቡን እጥልላቸዋለሁ፣ ምናምን። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ስትሰማኝ ቆየችና «ጠጣው ነው ያሉህ?» አለች።

«አዎ።»

«እሳቸው ጋ ውሃ ይመጣል?»

አይመጣም ነበር። ፓምፑ ከተገጠመ ጀምሮ ብሎኩ በሙሉ ውሃ ሲያገኝ የእማማ ቧንቧ ደርቆ ከርሟል። በጀሪካን እያስቀዱ፣ ለሚቀዳላቸው ልጅ እየከፈሉ ነበር የሚኖሩት። በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛ ይዤ ወጣሁ። ፓምፑ ሲገጠም ወደ እሳቸው ቤት የምታሳልፈዋ ሳራቺኔስካ ተዘግታ ተረስታለች። ልጁ ዞር ዞር አደረጋት። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ከዚያ ዝገት፣ ከዚያ ውሃ።

እማማ ቧንቧውን አዩ፤ እኔን አዩ። «እንዲህ ነው እንዴ? ታዲያ ያን ዕለት ‘ምን ሆነው ነው’ አትለኝም ነበር?» አሉ። ቡና አፈሉልን። ስለ 1,500 ብሯ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አንስተው አያውቁም።

ሁለቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጽፈህ ለማያውቃቸው ሰው ብትሰጠው ያለ ጥርጥር የአቶ ለመረዳትን ይመርጣል። የሱ ጥያቄ ታጥቦ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው። የእማማ ጥያቄ ስድብ ነው፣ ያውም ፍርዱን አስቀድሞ የያዘ። ቢሆንም የእማማ ጥያቄ መቆሚያ ነበረው። ውሃው ሲመጣ ቆመ። የሱ መቆሚያ አልነበረውም። እንግዲህ ይህን ከአነጋገር ማወቅ አይቻልም። መልሱ ከተሰጠ በኋላ ጠያቂው ምን እንዳደረገ እስክታይ መጠበቅ ግድ ነው፤ እኔን ደግሞ መጠበቁ ስድስት ወር አስከፈለኝ።

አማርኛችን ውስጥ «መጠየቅ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ሰው ያላወቀውን ይጠይቃል። ሰው ደግሞ የታመመ ይጠይቃል፣ የታሰረ ይጠይቃል፣ የወለደች ይጠይቃል። «ልጠይቅህ መጣሁ» የሚል ሰው ጥያቄ ላይዝ ይችላል፤ ብርቱካን ግን ይይዛል። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «ተሻለህ?» ይላል፣ ተሽሎህ ሲያይ ፊቱ ይፈታል። ሌላ ዓይነት ጠያቂም አለ፤ ሁላችንም እናውቀዋለን። በሩ ላይ ከበሽተኛው በፊት ቁም ሳጥኑን ያያል። ምን ገዛችሁ፣ ምን ጎደላችሁ፣ ማን መጣ፣ ማን ቀረ። ተሽሎህ ተቀምጠህ ቢያገኝህ ቅር የሚለው ይመስላል፤ የሚያወራው ይቀንስበታል። አቶ ለመረዳትም ደረሰኝ በለጠፍኩ ቁጥር ቅር ሲለው ይታወቀኝ ነበር። «አመሰግናለሁ» ይላል፤ ምስጋናው ግን ዕዳ የከፈሉት ሰው ሳይሆን ዕዳ የከለከሉት ሰው ምስጋና ነው።

አያቴ የድሮ ሙግት ማውራት ይወዱ ነበር። በላ ልበልሃ፣ ተጠየቅ፣ ውርርድ። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸው ለነጠላ ተቋጥሮ ወደ ዳኛ ይሄዳሉ። ዳኛ በቅርብ ከሌለ መንገደኛ ሽማግሌ ይያዝና «ፍረደን» ይባላል። እኔ ልጅ ሆኜ የምወደው ግጥሙንና የዘንጉን ነገር ነበር። ሰውዬው ወዲህ ወዲያ እያለ፣ ዘንጉን እየሰበቀ፣ ቤት እየመታ ሲሟገት ይታየኛል። አሁን ሳስበው ግን ከግጥሙ ይልቅ የሚገርመኝ ወጪው ነው። ተሟጋች ዋስ ይጠራል። በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳል። የተረታ ይከፍላል። ስለዚህ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት ይህች ጥያቄ በቅሎዬን ታክላለች ወይ ብሎ ያስባል። ደግሞም መሐል ላይ የተቀመጠ ዳኛ አለ። ይህ ተመልሷል፣ እለፍ የሚል። ዛሬም ፍርድ ቤት ውስጥ ጠበቃ ምስክሩን በዋና ጥያቄ ሲያነጋግር መልሱን ራሱ የሚያጎርስ ጥያቄ ከጠየቀ «መሪ ጥያቄ ነው» ተብሎ ተቃውሞ ይነሳበታል።

ቴሌግራም ላይ በቅሎም የለ፣ ዳኛም የለ። ጥያቄው በነፃ ነው። መልሱ ግን በነፃ አይደለም። እሱ አውቶቡስ እየጠበቀ በ10 ሴኮንድ የሚጽፋትን እኔ ከልጆቼ ጋር የምቀመጥበትን ምሽት ከፍዬ እመልሳታለሁ። አልቤርቶ ብራንዶሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ የሶፍትዌር ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ በአጭሩ ተናግሮት ነበር። ከንቱ ወሬ ለማፍረስ የሚፈጀው ጉልበት ወሬውን ለመፍጠር ከፈጀው እጅግ ይበልጣል ነው የሚለው። ሰውየው የእኛን ብሎክ ያውቅ ይሆን እንዴ አልኩ።

መልስ የማይፈልግ ጥያቄ መጠየቅ በደሞዝም ይሠራል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1954 የአሜሪካ ሲጋራ አምራቾች ከ400 በሚበልጡ ጋዜጦች ላይ አንድ ማስታወቂያ አወጡ። ሲጋራ ካንሰር ያመጣል የሚለው ገና አልተረጋገጠም፣ የሰው ጤና ያሳስበናል፣ ምርምሩንም እንደግፋለን የሚል ነው። ቋንቋው የአቶ ለመረዳት ነው፤ ለስላሳ፣ ታዛዥ፣ ለእውነት የተጨነቀ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1969፣ ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን በተባለው የሲጋራ ኩባንያ ውስጥ የተጻፈ አንድ ማስታወሻ ግን ሳይሸፋፍን አስቀመጠው፦ «ጥርጣሬ ምርታችን ነው።» እነዚህ ሰዎች «ገና ምርምር ያስፈልጋል» ሲሉ ምርምሩ እንዲያልቅ ፈልገው አይደለም። መልስ ቢገኝ ይከስራሉ።

ከዚያ ወዲህ የመጠየቂያ ዋጋ ለማስከፈል ሞከርኩ። በቅሎ ባይሆንም ትንሽ ነገር። አንድ ቀን አቶ ለመረዳትን በግል ጻፍኩለት፦ «ና ቤት፤ መዝገቡን ከነደረሰኙ ዘርግተን አብረን እንየው፤ ቡናም አለ።» መልሱ ፈጣን ነበር፦ «ችግር የለም ወንድሜ፤ ለግልጽነት እዚሁ ሁሉም ባለበት ብትመልስልኝ ይሻላል።» ግልጽነት ጥሩ ነገር ነው፣ ማን ይቃወማል። ሙሉ መዝገብ ላሳይህ ሲሉት ተመልካች ከሌለ ይቅርብኝ ማለቱ ግን ትንሽ ነገር አሳየኝ። በሌላ ቀን ደግሞ «እሺ፣ ምን ባሳይህ ትረካለህ?» አልኩት። አምስት ቀን ዝም አለ። ከኖርንበት ዘመን ሁሉ ረጅሙ ዝምታ ነው። በስድስተኛው ቀን «ጥያቄን በጥያቄ መመለስ ተገቢ አይመስለኝም» ሲል መለሰ።

እዚህ ላይ ግን ደስ የማይል ነገር ልናገር። «ነገር ፈላጊ ነው» ማለት ለገንዘብ ያዥ ሲበዛ ይመቻል። አቶ ለመረዳትን ከለየሁ በኋላ እጄ ላይ በትር የገባ መሰለኝ። የማይመቸኝ ጥያቄ ሁሉ ነገር ፍለጋ መምሰል ጀመረ። አንዲት ወጣት ጎረቤት የጥበቃዎቹ ደሞዝ ለምን በእጅ ይከፈላል ብላ ብትጠይቅ በሆዴ «ደግሞ አንቺ ከማን ወገን ነሽ?» አልኩ። ሁለት ቀን አልመለስኩላትም። ጥያቄዋ ልክ ነበር፤ በሚቀጥለው ወር በባንክ አደረግነው።

በአገራችን መልስ ያጣ ባለሥልጣን የሚያነሳት ክዳን ይህችው ናት። «ጥያቄው ቅንነት የጎደለው ነው።» «ከጀርባው ሌላ አጀንዳ አለ።» ከጀርባው ያለውን እያየን ከፊቱ ያለውን ሳንመልስ ስንት ጊዜ አለፈ። ክዳኗ ለትልቅ ድስት ብቻ የተሠራች ትመስለኝ ነበር። 40 ቤት ላለው ብሎክም ልክክ ብላ ትገጥማለች።

ይባስ ብሎ አቶ ለመረዳት አንዴ ልክ ሆኖ ተገኘ። 850 ብር የጽዳት ዕቃ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ነበር። ያገኘው እኔን ለመጣል ሲቆፍር ነው፤ ቢሆንም ስህተቱ ስህተት ነው። አረምኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ አመሰገንኩት። ምስጋናዬ ከጉሮሮዬ እንደ ኮሶ ነው የወጣው። ከዚያ በኋላ ለእሱ መመለስ ተውኩና ዝም ብለው ለሚያነቡት 38 ቤቶች መመለስ ጀመርኩ። አንድ ጊዜ፣ በደንብ፣ ከነማስረጃው። ሲደግመው የድሮውን መልስ አሳይቼ አልፋለሁ። ሦስተኛ ማብራሪያ የለም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

የምናደደው ግን በሌላ ነገር ነው። ቨርጂኒያ የሚኖር አብሮ አደጌ አለ። የእኛ ጭቅጭቅ በፈላስፋው በዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ «ሐተታ» የሚባለውን የግዕዝ የፍልስፍና መጽሐፍ በእርግጥ እሱ ጻፈው ወይ በሚል። ሁለታችንም የመስኩ ሰዎች አይደለንም፤ ስለዚህ እንጮኻለን። ሐተታው ራሱ እንደሚተርከው ጸሐፊው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአክሱም አካባቢ ሰው ነው። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ሸሽቶ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ሲኖር ስለ ፈጣሪና ስለ ሰው አእምሮ ያሰበውን ነው የጻፈው። የእጅ ጽሑፉን ለአውሮፓ ያደረሰው ግን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ካፑቺን ሚሲዮናዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ላይ ለፈረንሳዊው አሳሽ ለአንቷን ዳባዲ ላከው። በ1920 የኢትዮጵያ ነገር አጥኚው ጣሊያናዊ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ «የጻፈው ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው» ብሎ ተነሳ። በ1970ዎቹ ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ክላውድ ሰምነር ለዘርዓ ያዕቆብ በስፋት ተሟገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ ይነዳል።

ጓደኛዬ «ዳ ኡርቢኖ ነው» ይላል። እኔ «ዘርዓ ያዕቆብ ነው» እላለሁ። የሚያናድደኝ ጥያቄው ራሱ ነበር፤ «በእርግጥ ኢትዮጵያዊ ነው የጻፈው?» ይህን የግዕዙን አገባብ ቃል በቃል የሚመረምር ሊቅ ይጠይቀዋል። አፍሪካዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም ብሎ የደመደመ ሰውም ይጠይቀዋል። ቃሉ አንድ ነው፤ አንድም ፊደል አይለይም። እኔ ጓደኛዬን ከሁለተኛው ወገን ደመርኩት። «ፈረንጅ አምላኪ» አልኩት፤ በቀልድ ሸፍኜ።

ከዚያ ጥያቄ ማዥጎድጎድ ጀመርኩ። ማስረጃህ ምንድን ነው? ይልካል። እሺ፣ የግዕዙ ነገርስ? ይልካል። እሺ፣ ዳ ኡርቢኖ ያን ያህል ግዕዝ ይችል ነበር? ስለዚያም ይልካል። እኔ እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። እዚያ እኩለ ቀን ሲሆን እዚህ ጨልሟል፤ ሰውዬው የምሳ ሰዓቱን ለኔ እየሠዋ ነው። አንድ ቀን ተነፈሰና «ወንድሜ፣ ምን ባሳይህ ነው የምታምነኝ?» አለ።

የራሴ ጥያቄ ናት። ለሰው ስወረውራት ኖሬ ዞራ መጣችብኝ። ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ከላካቸው ጽሑፎች አንዱንም እስከ መጨረሻ አላነበብኩም ነበር። ርዕሱን አይቼ ቀጣዩን ጥያቄ ነበር የማሰላው። ወደ ኋላ ሄጄ መልእክቶቼን ሳያቸው አንዱ ላይ «ለማወቅ ያህል ነው የምጠይቅህ» የሚል አገኘሁ። ለባለቤቴ አላሳየኋትም። ስም ለማውጣት እንደማትሰንፍ አውቃታለሁ።

በዚህ ክርክር ውስጥ የማደንቃቸው ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። የግዕዝ ብራናዎችን ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ናቸው። መጀመሪያ ከተጠራጣሪዎቹ ወገን ነበሩ። ኋላ፣ በሽምግልናቸው፣ ሐሳባቸውን ቀይረው ሥራው የኢትዮጵያዊ ነው ወደ ማለት መጡ። ልክ ናቸው አይደሉም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወው። እኔን የገረመኝ በዚያ ዕድሜና በዚያ ስም ከቆሙበት መነሳታቸው ነው። ጠይቀው ነበር፤ መልስ ሲመጣባቸው ቦታ ነበራቸው። ወደ እኔ ወገን መምጣታቸው ደስ አሰኝቶኛል፣ አልዋሽም። በተቃራኒው ሄደው ቢሆን ይህን ሁሉ ምስጋና እጽፍላቸው ነበር? እንጃ።

ለጓደኛዬ ይቅርታ ጠይቄ የላካቸውን ማንበብ ጀመርኩ። ሁለቱን ጨርሻለሁ። ሐሳቤን አልቀየርኩም፤ ግን አሁን ስከራከር እንደ ድሮው አይጥመኝም።

መዝገቡን ባለፈው ዓመት አስረከብኩ። አዲሷ ገንዘብ ያዥ ያቺ የጥበቃዎቹን ደሞዝ የጠየቀችው ልጅ ናት። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ትርፍ አንጀት ታመምኩና ተቀደድኩ። ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ቀን እማማ ከአራተኛ ፎቅ አጥሚት በቴርሞስ ይዘው ወረዱ። «ልጠይቅህ መጣሁ» አሉ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ቁጭ ብለው «የት ላይ ነው የቀደዱህ?» ብለው ጠየቁ። ሲነገራቸው «በል ተመስገን» አሉ።

በሩ ተንኳኳ። አቶ ለመረዳት ነው፤ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዟል። «እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ» አለና ከእማማ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ዓይኑን ተከተልኩት። ቁም ሳጥኑ ላይ አላረፈም። ወይም አርፎ ከሆነ ፈጥኖ መልሶታል። ፌስታሉን ጭኑ ላይ እንደያዘ ትንሽ ዝም አለና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይቅርታ፣ ለመረዳት ያህል ነው…»

«መጀመሪያ ብርቱካኑን አስቀምጠው» አሉት እማማ።